የብድር ገንዘብ በፍርድ ቤት ማስመለስ፦ የፍትሐ ብሔር ክስ አቀራረብ ከወረቀት ዝግጅት እስከ አፈጻጸም

ያበደሩት ገንዘብ ቀኑ አልፏል፤ ሽማግሌ ተልኳል፤ "ዛሬ ነገ" ሲባል ወራት ነጉደዋል። የቀረው ፍርድ ቤት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ እውነቱ ከእሱ ጋር ስለሆነ ዳኛው ይህንኑ አይቶ የሚፈርድለት ይመስለዋል። ዳኛው ግን የሚያየው መዝገቡን ነው። መዝገቡ ውስጥ የሌለ እውነት አይፈረድበትም። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ትልቁ ክፍል ክሱ መዝገብ ቤት ከመግባቱ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. በጽሑፍ ውል 850,000 ብር አበደረ። ተበዳሪው ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊመልስ ፈርሟል። ታኅሣሥ 2016 ላይ 150,000 ብር በባንክ ከፈለ። ቀሪው 700,000 ብር ግን ቀኑ ቢያልፍም አልተከፈለም። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በዚህ ምሳሌ ላይ ይሄዳል፤ ሥርዓቱ በአብዛኛው ለሌሎች የገንዘብ ክሶችም ያገለግላል።

መጀመሪያ ማስረጃውን ይመርምሩ

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 እያንዳንዱ አበዳሪ ገንዘቡን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባ ድንጋጌ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው ይላል። አሥር የተከበሩ ሰዎች "ፊታችን ቆጥሮ ሰጥቶታል" ብለው ለመመስከር ቢመጡም፣ ምስክርነታቸው ለዚህ ጉዳይ አይሰማም። 500 ብር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ማናቸውም ብድር ማለት ይቻላል በዚህ ድንጋጌ ሥር ይወድቃል። ደንቡ ለተበዳሪም ይሠራል፦ ከ500 ብር በላይ መልሻለሁ የሚል ሰው መክፈሉን በተመሳሳይ መንገድ ማስረዳት አለበት።

የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ብቻ ያላቸው ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው። ደረሰኙ ገንዘቡ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው መሄዱን ያሳያል፤ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ተከሳሹ "ለሸጥኩለት ዕቃ የከፈለኝ ነው" ወይም "የቆየ ዕዳውን ነው የመለሰልኝ" ሊል ይችላል። በደረሰኙ የምክንያት ቦታ ላይ "ብድር" ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ ወይም ተበዳሪው በደብዳቤ ዕዳውን አምኖ ከፈረመ፣ ነገሩ በእጅጉ ይሻሻላል። ሁለቱም ከሌሉ ክስ ከመመሥረት በፊት ዕዳውን በጽሑፍ እንዲያምን መጣር ይመረጣል፤ በሽምግልና የሚጻፍ የክፍያ ስምምነት ለዚህ ይጠቅማል። ሽማግሌዎቹ "ይኼውላችሁ ተስማሙ" ብለው ከመበተናቸው በፊት ወረቀት ላይ ያስፍሩት፤ ተበዳሪውም ይፈርም።

ዋናው ውል በእጅዎ ይኑር። ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዞ የሚከስ ሰው ተከሳሹ ሰነዱን በካደ ጊዜ ይቸገራል። ዋናው ከጠፋ፣ ከተቃጠለ ወይም ከተሰረቀ ይህንኑ ማስረዳት ይኖርብዎታል። ስለዚህ መጥፋቱን ባወቁበት ቀን ለፖሊስ አመልክተው ማስረጃ ይያዙ።

ከዚያ ጊዜውን ይቁጠሩ። ከውል የሚመነጭ ገንዘብ በአሥር ዓመት ይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለመክሰስ በወሰነው የጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል (ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1845)፤ ቆጠራው የሚጀምረው ውሉ ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን ዕዳው ሊከፈል ከሚገባበት ቀን ነው። በመሐሉ ተበዳሪው ዕዳውን ካመነ፣ ወለድ ወይም ከፊሉን ከከፈለ፣ ወይም መያዣ ወይም ዋስ ከሰጠ ቆጠራው ተቋርጦ እንደ አዲስ ይጀምራል (ቁ. 1851)። በአንጻሩ ከውል ውጭ የሚጠየቅ የጉዳት ካሳ፣ ለምሳሌ የመኪና አደጋ፣ በመርሕ ደረጃ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያለው (ቁ. 2143)። የሠራተኛ ክሶች ደግሞ ከዚህም ያጥራሉ፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሠራተኛ ሦስት ወር ብቻ አለው። ፍርድ ቤቱ ይርጋን በራሱ አያነሣም፤ ተከሳሹ ግን ካነሣው መዝገቡ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይዘጋል።

ሦስተኛው ዝግጅት ማስጠንቀቂያ ነው። ውሉ ላይ "ማስጠንቀቂያ መስጠት ሳያስፈልግ" የሚል ቃል ከሌለ፣ ለተበዳሪው በጽሑፍ "ቀሪውን 700,000 ብር በ15 ቀን ውስጥ ክፈል" ብለው ይላኩ። በሪኮማንዴ በፖስታ ቤት መላክ ወይም በቅጂው ላይ አስፈርሞ መስጠት ይቻላል። በስልክ የተነገረን በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው። የማስጠንቀቂያው ቀን ዋጋ አለው፦ ውሉ ላይ የወለድ መጠን ካልተጻፈ፣ ለዘገየበት ጊዜ የሚታሰበው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ሲሆን (ቁ. 1751) የሚቆጠረውም ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ ነው። ለ700,000 ብር ይህ በዓመት 63,000 ብር፣ በወር 5,250 ብር ይሆናል። ስድስት ወር ዘግይቶ ማስጠንቀቅ 31,500 ብር ያሳጣል ማለት ነው።

ስለ ወለድ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። በብድር ውል ላይ የሚጻፍ ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። አንዳንድ አበዳሪዎች ይህን ለማለፍ ወለዱን ከዋናው ገንዘብ ጋር ደምረው "850,000 ተበድሬያለሁ" ብለው ያስፈርማሉ። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። እንዲህ ያለ ውል ይዞ ፍርድ ቤት መቅረብ ራስን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ማን ነው የሚከሰሰው?

ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በተሳሳተ ስም የተመሠረተ ክስ ወራትን ይበላል። ተበዳሪው ግለሰብ ከሆነ በመታወቂያውና በውሉ ላይ ባለው ሙሉ ስሙ ከነአያቱ ይጻፍ። የንግድ ስም ያለው ግለሰብ ነጋዴ ከሆነ የሚከሰሰው ሰውዬው ነው፤ በሱቁ በር ላይ የተጻፈው ስም ሰው አይደለም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ወይም አክሲዮን ማኅበር ከሆነ ደግሞ የሚከሰሰው ማኅበሩ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ በራሱ ስም ካልፈረመ ወይም ዋስ ካልሆነ በግሉ አይከሰስም። የማኅበሩን ትክክለኛ ስም ከንግድ ምዝገባው ያረጋግጡ። አንድ ቃል ሲጎድል ተከሳሹ "እኔ አይደለሁም" ለማለት በር ያገኛል።

ዋስ ካለ የዋስትናውን ቃል ያንብቡ። ዋሱ "በአንድነትና በነጠላ" ኃላፊነት ከፈረመ ዋናውን ባለዕዳ አስቀድሞ መክሰስ ሳያስፈልግ አብሮ ሊከሰስ ይችላል። የዋስትናው ጣሪያ ገንዘብ ካልተጻፈ ግን ዋስትናው ዋጋ የለውም (ቁ. 1922)። ተበዳሪው ከሞተ የሚከሰሱት ወራሾቹ ናቸው፤ ወራሽነታቸው የሚታወቅበትን ማስረጃ ማፈላለግ ያስፈልጋል።

እርስዎ ውጭ አገር ካሉ፣ በአሜሪካም ይሁን በገልፍ አገሮች፣ በወኪል መክሰስ ይችላሉ። ውክልናው ባሉበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል፤ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጥረው የውክልናው ቃል ነው። "ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ" የሚል ጠቅላላ ውክልና ለመክሰስ አይበቃም፤ ክስ መመሥረትና መከራከር፣ መታረቅም ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ (ፍ/ብ/ሕ/ቁ. 2205)። ስለዚህ "ክስ እንዲመሠርት፣ መልስ እንዲሰጥ፣ እንዲከራከር፣ ጠበቃ እንዲወክል፣ እንዲታረቅ፣ ይግባኝ እንዲጠይቅ፣ ፍርድ እንዲያስፈጽም፣ ገንዘብ እንዲቀበል" ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍ። ጠበቃ ያልሆነ ወኪል ከሆነ ሕጉ ከሚፈቅድላቸው የቅርብ ዘመዶች፣ ማለትም እንደ ባል፣ ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም ወንድም ካሉት፣ ቢሆን ይመረጣል። ዝምድናውን የሚያሳይ ማስረጃም ከክሱ ጋር ይያያዝ።

የትኛው ፍርድ ቤት?

ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ የትኛው ዓይነትና ደረጃ፣ በየትኛው ቦታ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክስ ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ያለው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። የእኛ ምሳሌ 700,000 ብር ስለሆነ ወደ መጀመሪያ ደረጃው ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የከተማው ፍርድ ቤቶችም የራሳቸው ሥልጣን አላቸው፤ አነስተኛ የግለሰቦች ብድር ወደ እነሱ ሊሄድ ስለሚችል ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ መዝገብ ቤቱን አስቀድመው ይጠይቁ። በክልል ከሆኑ የወረዳና የከፍተኛ ፍርድ ቤቶቹን የገንዘብ ጣሪያ የሚወስነው የክልሉ ሕግ ነው።

ቦታውን በተመለከተ መሠረቱ ተከሳሹ የሚኖርበት ነው (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 19)። የውል ጉዳይ ሲሆን ውሉ በተደረገበት ወይም ሊፈጸም በሚገባበት ቦታም መክሰስ ይቻላል (ቁ. 24)። የማይንቀሳቀስ ንብረት ክርክር ንብረቱ ባለበት ቦታ ነው (ቁ. 25)። ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት የተከፈተ መዝገብ ዓመት ሙሉ ተንከባሎ በመጨረሻ ሊዘጋ ይችላል።

የክስ ማመልከቻው

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 ማመልከቻው ምን ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል። ከላይ ቀኑ፣ የፍርድ ቤቱና የምድብ ችሎቱ ስም፣ ከሥሩ የከሳሽና የተከሳሽ ሙሉ ስም ከነአድራሻቸው፦ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ። የመዝገብ ቁጥሩን መዝገብ ቤቱ ስለሚሰጥ ቦታው ክፍት ይተዋል። ቀጥሎ ርዕሱ፣ "በፍ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 222 መሠረት የቀረበ የክስ ማመልከቻ"። ከዚያ በአጭር በአጭሩ፦ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ያለው መሆኑ፣ ከሳሽ የመክሰስ ችሎታና መብት ያለው መሆኑ፣ ተከሳሽም ሊከሰስ የሚችል መሆኑ፣ መጥሪያውን ማን እንደሚያደርስ።

ዋናው ነገር ከዚህ በኋላ ያለው የክሱ ምክንያት ነው። ሰው በደሉን ሲጽፍ ስሜቱ ይቀድመዋል። "ተከሳሽ እንደ ወንድሜ ሳየው የነበረ ሰው ሆኖ እምነቴን በልቶ፣ ልጆቼን ሜዳ ላይ ጥሎ..." ተብሎ ሁለት ገጽ ይሞላል፤ ገንዘቡ መቼ እንደተሰጠና መቼ ሊመለስ እንደነበር ግን በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ይጠቀሳል። ዳኛው የሚፈልገው ቀን፣ መጠን፣ ሰነድና ግዴታ ነው። የምሳሌያችን ክስ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

"1. ተከሳሽ ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. በተደረገ የጽሑፍ ውል ከከሳሽ ብር 850,000 (ስምንት መቶ ሃምሳ ሺህ ብር) ተበድሮ ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመመለስ ግዴታ ገብቷል (ማስረጃ 1)።

2. ተከሳሽ ከዚሁ ውስጥ ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር 150,000 (አንድ መቶ ሃምሳ ሺህ ብር) በባንክ ከፍሏል (ማስረጃ 2)።

3. ቀሪውን ብር 700,000 (ሰባት መቶ ሺህ ብር) እንዲከፍል መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶት (ማስረጃ 3) እስካሁን አልከፈለም።"

ሦስት ቁጥሮች፣ ሦስት ማስረጃዎች። ተከሳሹ መልስ ሲሰጥ እያንዳንዱን ቁጥር ማመን ወይም መካድ ይኖርበታል፤ ያልካደው እንዳመነ ሊቆጠርበት ይችላል። የተከፈለዎትን 150,000 ብር መደበቅ በጭራሽ አይበጅም። ተከሳሹ የባንክ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ የቀረው ቃልዎም ይጠረጠራል።

የተጠየቀው ዳኝነት ተለይቶ ይጻፍ፦

"ሀ. ተከሳሽ ብር 700,000 ከመጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍሎ እስከሚያልቅ ድረስ ከሚታሰብ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር እንዲከፍል፤ ለ. ለዳኝነት የተከፈለውን፣ የጠበቃ አበልንና ሌላ ወጪና ኪሳራ እንዲተካ ይወሰንልን።"

ያልጠየቁት ነገር አይፈረድልዎትም። ከአንድ ምክንያት የሚመነጨውን ጥያቄ ሁሉ በአንድ ክስ ማጠቃለል ግዴታ ነው (ቁ. 216)። ዋናውን ገንዘብ ብቻ ከሰው ካሸነፉ በኋላ "ወለዱን ደግሞ" ብለው ሌላ መዝገብ መክፈት አይችሉም። በውሉ ላይ ገደብ፣ ማለትም የውል ማፍረሻ ቅጣት፣ ካለም እዚሁ ይጠየቅ።

በመጨረሻ "ከላይ የቀረበው ክስ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት አረጋግጣለሁ" ተብሎ ይፈረማል። ይህ ማረጋገጫ የጎደለው ማመልከቻ መዝገብ ቤት ላይ ይመለሳል። በፍርድ ቤት በር አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ቅርጹን ያውቁታል፤ ፍሬ ነገሩን፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን ግን ከመፈረምዎ በፊት በፊደልም በአኃዝም ራስዎ ያመሳክሩ። 700,000 በአኃዝ ተጽፎ በፊደል "ሰባት ሺህ" የተባለበት ክስ ብዙ ያጨቃጭቃል።

የማስረጃ ዝርዝር

ቁጥር 223 ከክሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር እንዲያያዝ ያዛል። በአንድ ገጽ ላይ ሰነዶቹ በቁጥር፣ በቀንና በገጽ ብዛት፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚያስረዳ ተጠቅሶ ይዘረዘራሉ። ምስክር ካለ ሙሉ ስሙ፣ አድራሻውና የሚመሰክርበት ጭብጥ ይጻፋል። በብድሩ መኖር ላይ ምስክር ባይሰማም ማስጠንቀቂያው መድረሱን ሊመሰክር የሚችል ሰው ሊኖር ይችላል። በእጅዎ የሌለ ማስረጃ፣ ለምሳሌ በባንክ ያለ የሒሳብ መግለጫ፣ ከሆነ ያለበትን ቦታ ጠቅሰው ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርበው ይጠይቁ (ቁ. 145)። በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ይቅረብ።

"ማስረጃውን በኋላ አወጣለሁ" የሚል ስልት ብዙ ሰው አክስሯል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ያልቀረበ ሰነድ ያለ በቂ ምክንያት አይቀበሉትም። ያለውን ሁሉ አሁኑኑ ያያይዙ።

መደበኛ ወይስ አጭር ሥነ ሥርዓት

ብዙ አበዳሪ የማያውቀው መንገድ አለ። ዕዳው በጽሑፍ የተረጋገጠ፣ መጠኑም የታወቀ ገንዘብ ሲሆን በቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል። ከክሱ ጋር፣ ገንዘቡ በእርግጥ እንደሚፈለግና ተከሳሹ መከላከያ ይኖረዋል ብለው እንደማያምኑ የሚገልጽ ቃለ መሐላ ይቀርባል። ተከሳሹ በቀጥታ መልስ አይሰጥም፤ በቃለ መሐላ የተደገፈ ምክንያት አቅርቦ "ለመከላከል ይፈቀድልኝ" ማለት አለበት። ካላመለከተ ወይም ምክንያቱ በቂ ካልሆነ ፍርድ ይሰጣል። ከተፈቀደለት ጉዳዩ ወደ መደበኛው ክርክር ይሄዳል፤ ስለዚህ ከሳሹ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። የተፈረመ ውል ያለው አበዳሪ ይህን ሳያስብ መደበኛ ክስ መመሥረት የለበትም። ውሉ ውስጥ አከራካሪ ነገር፣ ለምሳሌ ቅድመ ሁኔታ፣ ካለ ግን መደበኛው ይሻላል።

መዝገብ ማስከፈት

ክሱና ማስረጃው ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ተከሳሽ አንድ አንድ፣ ለእርስዎም አንድ ቅጂ ይዘጋጅ። ሁለት ተከሳሾች ካሉ አራት ማለት ነው። ገጾቹ በቁጥር ይያዙ። ዋናዎቹን ሰነዶች ይዘው ይሂዱ፤ ከቅጂው ጋር ተመሳክረው ይመለሱልዎታል።

የሬጅስትራር ሠራተኛው ማመልከቻው ቅርጹን ማሟላቱን ይመለከታል፤ ቀጥሎ የዳኝነት ክፍያው በጠየቁት ገንዘብ መጠን ተሰልቶ ይከፈላል። ደረሰኙን እንደ ዓይን ብሌን ይጠብቁት፤ ሲያሸንፉ ከተከሳሹ ላይ የሚጠይቁበት ነው። ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ከሚኖርበት ወረዳ ማስረጃ ይዞ፣ ያለውን ንብረት በቃለ መሐላ ዘርዝሮ በደሀ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል (ከቁ. 467 ጀምሮ)። ሠራተኞች በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ሲከሱ የዳኝነት አይከፍሉም። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላቸው በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉትን የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች ይጠይቁ፤ ማመልከቻ ያዘጋጃሉ።

ክሱ ላይ የክስ ምክንያት ካልታየ ወይም ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ከሌለው በቁጥር 231 መሠረት ተከሳሽ ሳይጠራ ሊመለስ ይችላል። ከተከፈተ የመዝገብ ቁጥር ይሰጥዎታል። በስልክዎም በወረቀትም ላይ ይመዝግቡት፤ ከዚህ በኋላ ያለ ቁጥሩ የሚሠራ ነገር የለም።

ተከሳሹ ንብረቱን እያሸሸ ከሆነ

ተበዳሪው መኪናውን ለመሸጥ ደላላ እያነጋገረ ከሆነ ፍርዱን እስኪያገኙ አይጠብቁ። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ንብረት እንዲከበር፣ ማለትም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ እንዲያዝ፣ (ቁ. 151) ወይም እንዲታገድ (ቁ. 154) ከክሱ ጋር ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፋል፤ የንብረቱ ዓይነት፣ የሰሌዳ ቁጥር ወይም የቤቱ ካርታ ቁጥር፣ እየሸሸ ለመሆኑ ምልክት የሆነው ነገር ይጻፋል። "ሊያሸሽብኝ ይችላል" የሚል ስጋት ብቻ በቂ አይሆንም፤ የሽያጭ ማስታወቂያ፣ ቀብድ የተቀበለበት ወረቀት ወይም የመሳሰለው ይያያዝ። ፍርድ ቤቱ ዋስትና ሊጠይቅዎት ይችላል። ትዕዛዙ ሲወጣ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት፣ ለተሽከርካሪ ወደ ትራንስፖርት፣ ለቤት ወደ ይዞታ ምዝገባ፣ በዚያው ቀን መድረሱን ይከታተሉ።

መጥሪያ

መዝገቦች በጣም የሚጓተቱት እዚህ ላይ ነው። መጥሪያው ከክሱና ከማስረጃው ቅጂ ጋር ለተከሳሹ በእጁ መድረስ አለበት፤ ተቀብሎ በመጥሪያው ግልባጭ ላይ ይፈርማል። አልቀበልም ካለ ያደረሰው ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና በቦታው የነበሩትን ሰዎች ጠቅሶ በቃለ መሐላ ለፍርድ ቤቱ ያስታውቃል፤ ፍርድ ቤቱም በቤቱ በር ላይ እንዲለጠፍ ወይም በሌላ መንገድ እንዲደርስ ሊያዝ ይችላል። አድራሻው ከጠፋ፣ መፈለግዎን አስረድተው በጋዜጣ እንዲጠራ ይጠይቁ (ቁ. 105)። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ይህ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው፤ ወጪው የከሳሹ ነው። ጥሪው የወጣበትን ጋዜጣ ለቀጠሮው ይዘው ይቅረቡ።

መጥሪያውን በቀጠሮው ዋዜማ ለማድረስ የሚሮጥ ከሳሽ ብዙ ነው። ተከሳሹ ለመልስ በቂ ጊዜ አላገኘሁም ቢል ቀጠሮው ይሻገራል። በከሳሹ ቸልተኝነት ሳይደርስ ከቀረ ደግሞ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። መጥሪያው በወጣ በሳምንቱ እንዲደርስ ያድርጉ።

ቀጠሮና ክርክር

ቀጠሮ አይቅሩ። ተከሳሹ ቀርቦ ከሳሹ ከቀረ ክሱ ሊሰረዝ ይችላል፤ እንደ አዲስም መክሰስ አይቻልም። የቀሩበት በቂ ምክንያት ካለ በአንድ ወር ውስጥ አመልክተው መዝገቡ እንዲንቀሳቀስ መጠየቅ ብቻ ነው ያለዎት (ቁ. 73 እና 74)። ሁለቱም ከቀሩ መዝገቡ ይዘጋል። መጥሪያ ደርሶት የቀረ ተከሳሽ ግን ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። የታመመ ሰው የሐኪም ወረቀት ይያዝ። ወደ ችሎቱ ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ስምዎ ሲጠራ ካልነበሩ እንደቀሩ ይመዘገባል።

የተከሳሹ የጽሑፍ መልስ ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚታየው መቃወሚያው ነው፦ ሥልጣን የለም፣ በይርጋ ታግዷል፣ ከዚህ በፊት ተፈርዷል፣ ጉዳዩ በግልግል ይታይ የሚል ስምምነት አለ (ቁ. 244)። ፍርድ ቤቱ በእነዚህ ላይ ብይን ይሰጣል። የተከሳሽ ከሳሽነት፣ ማለትም ተከሳሹ በዚያው መዝገብ እርስዎን መልሶ የሚከስበት ጥያቄ፣ ከቀረበም ለእሱ መልስ ይሰጣሉ። ተከሳሹ ፊርማውን ከካደ ሰነዱ ለፎረንሲክ ምርመራ ሊላክ ይችላል፤ ተከሳሹ በሌላ ጊዜ የፈረማቸው ሰነዶች ያሉበትን ቦታ አስቀድመው ያጣሩ፤ ለማመሳከሪያ ይፈለጋሉ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው ሁለቱንም ወገን ይጠይቃል። አጭር ይመልሱ፤ የተጠየቁትን ብቻ። ከዚያ ጭብጥ ይያዛል፣ ማለትም አከራካሪው ነጥብ ተለይቶ ይጻፋል፤ ማስረጃ የሚሰማው በእሱ ላይ ነው። በመሐሉ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ሊመራ ይችላል። እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት። "በስድስት ወር ተከፋፍሎ ይከፈል" ተብሎ የተስማሙበት በፍርድ ቤት ከጸደቀ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ከአንድ ዓመት ክርክር በኋላ የሚገኝ ፍርድ ከዚህ የሚሻልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስምምነቱ ላይ "አንድ ክፍያ ቢያልፍ ቀሪው በሙሉ ወዲያው ይጠየቃል" የሚል ቃል እንዲገባ ያድርጉ።

ፍርድ ቤቶች በክረምት ዕረፍት ይዘጋሉ፤ ተረኛ ችሎት የሚያየው አጣዳፊ ጉዳይ ብቻ ነው። በሐምሌ መጨረሻ መዝገብ የሚከፍት ሰው ይህን አስቦ ይክፈት።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ

ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ ይቀርባል (ቁ. 323)፤ የመጀመሪያ ደረጃው ውሳኔ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይግባኝ መባሉ ብቻውን አፈጻጸሙን አያቆምም፤ የሚያቆመው የእግድ ትዕዛዝ ነው። የወጪና ኪሳራዎን ዝርዝር ከነደረሰኞቹ ያቅርቡ፤ የዳኝነት፣ የመጥሪያና የጋዜጣ፣ የጠበቃ።

ፍርድ ገንዘብ አይደለም። ተሸናፊው በራሱ ፈቃድ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል (ቁ. 378)፤ የፍርዱ ግልባጭ ተያይዞ የፍርድ ባለዕዳው ንብረት ይጠቆማል። እዚህ ላይ ሸክሙ በተግባር የእርስዎ ነው። ፍርድ ቤቱ ንብረቱን ፈልጎ አያገኝልዎትም። የባንኩ ስም፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ ቤቱ ያለበት ወረዳና ካርታ ቁጥር፣ ደመወዝ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት በእጅዎ ካለ በቀጥታ ይያዛል፤ ተገምቶም በሐራጅ ይሸጣል። ቤቱ በሚስቱ ወይም በባሏ ስም ከሆነ የጋራ ንብረት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይፈልጉ። ለዚህ ነው ውሉ ሲፈረም የመታወቂያ ቅጂ፣ የሥራ ቦታና የባንክ ሒሳብ ቁጥር መያዝ የሚጠቅመው። የፍርዱ አፈጻጸም ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በአሥር ዓመት ውስጥ ሊጠየቅ ይችላል፤ ዛሬ ባዶ እጁን የሆነ ባለዕዳ ከሦስት ዓመት በኋላ ቤት ቢገዛ መዝገቡን አንቀሳቅሰው ያንን ቤት ማስያዝ ይችላሉ።